የዕድሜ ልክ ክኒን

ነርሷ «ይሄ ክኒን እንግዲህ ዕድሜ ልክ ነው» ስትለኝ «ምን አጥፍቼ?» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። ቃሊቲ ተወልዶ ላደገ ሰው «ዕድሜ ልክ» የሐኪም ቃል አይደለም፣ የወህኒ ቤት ቃል ነው። ልጆች ሳለን በሰፈራችን ስንቅ ይዘው የሚያልፉ ሴቶች ነበሩ፤ «ያንቺውስ ስንት ፈረዱበት?» ሲባባሉ እንሰማለን። አሥር ዓመት የተባለባት ታለቅሳለች። ዕድሜ ልክ የተባለባት ግን አታለቅስም፤ ሳህኗን በጨርቅ እንደቋጠረች ዝም ብላ ትሄዳለች። እና ያቺ ነርስ የምስር ክክ የምታክል ነጭ ክኒን መዳፌ ላይ ስታስቀምጥ የተፈረደብኝ ነው የመሰለኝ።

ደም ግፊት ለኛ ቤት እንግዳ አይደለም። እናቴን የጣላት እሱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ልነሳ ስትል ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ተኛች። ያጠብኳት፣ ያገላበጥኳት፣ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ያኔ አቃቂ አንድ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል በፈረቃ እሠራለሁ፤ ከማሽን ወደ አልጋዋ፣ ከአልጋዋ ወደ ማሽን። አልተማረርኩባትም፣ እናት ናት። ግን የሠላሳዎቹ ዕድሜዬ የት እንደገባ ብትጠይቁኝ እዚያች አልጋ ሥር ነው። ስለዚህ እሷን የቀበርን ዕለት ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ያለችኝን አንዲት ልጅ እንዲህ አድርጌ አላስቀምጣትም። ከዚያ ወዲህ የፈራሁት ሞትን አይደለም፤ መውደቅን ነው።

ጡረታ ስወጣ የኮንዶሚኒየም ዕጣዬ ኮዬ ፈጬ ወጣልኝ፤ አራተኛ ፎቅ። እዚያው ጤና ጣቢያ ክኒኑን ባዘዙልኝ ሳምንት ውሃ ጠፋ። ጀሪካን ተሸክሜ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ሳለከልክ አንዲት ሴት ከኋላዬ መጥታ ጀሪካኑን ነጠቀችኝ። «አብሽሪ እታለም፣ ወላሂ ይሄ ደረጃ ወይ ያድነናል ወይ ይገድለናል» አለችኝ። ፊት ለፊቴ ያለው በር የሷ ነበር። ከወሎ የመጣች፣ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ የሚውል፣ ልጆቿ አግብተው የወጡ፣ እኩያዬ። እሷም ግፊት እንዳለባት በዚያው ቀን ነገረችኝ። አንድ ዓይነት ክኒን፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ፊት ለፊት በር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለኛ የተተረተ መሰለኝ።

«ወላሂ» ከአፏ አይጠፋም። «ወላሂ ዛሬ ይዘንባል።» «ወላሂ ይሄ ቲማቲም በስብሷል።» እስቅባታለሁ። «አንቺ ሴትዮ፣ ፈጣሪን ለቲማቲም ምስክር ትጠሪዋለሽ?» እሷም «እውነት ስለሆነ ነዋ! በውሸት ብጠራው ነው ጉዱ» ትለኛለች።

ጠዋት ጠዋት በእግር መሄድ የጀመርነው በሷ ነው። ሱብሂዋን ሰግዳ ስታበቃ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ በሬን በጣቷ ሁለቴ ታንኳኳለች። እኔ ልጄ የገዛችልኝን ስኒከር አጥልቄ፣ ነጠላዬን አደግድጌ እወጣለሁ። የባስ ሰልፉን አልፈን፣ ቤቱ እስኪያልቅና የጤፍና የሽምብራው ማሳ እስኪጀምር እንሄዳለን። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ የቆመ ጎረምሳ «እማማዎች፣ ውድድሩ መቼ ነው?» ብሎ ለከፈን። እሷ ዞር ብላ «አንተ ሰልፍህን ጠብቅ! ባስህ ሳይመጣ ወላሂ ቃሊቲ ደርሰን እንመለሳለን!» አለችው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ መሬት ጫማ ስለሚያወልቅ በመንገዱ ፈንታ ደረጃውን አምስት ጊዜ ወጥተን እንወርዳለን።

ጨው ተውን። ለካ ጨው በቀላሉ የሚተው ነገር አይደለም! ከወጡ ብናወጣው በርበሬው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል፤ ሽሮውም ሲዘጋጅ ገብቶበታል። ያለውን ለሰው ሰጠንና አዲስ በርበሬ፣ አዲስ ሽሮ ያለ ጨው አስፈጨን። ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ «ረስታችሁ ነው?» ብሎ ሁለቴ ጠየቀን። ያለ ጨው የተሠራ ሽሮ የበላ ያውቀዋል፣ ኩርፊያ ነው የሚመስለው። ግን ምላስም ይለምዳል። ስልክ ከመኝታ ቤት ወጣ፤ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት አጥፍተን እንተኛለን። ሐቁን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ዓመት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጉልበቴ ተፍታታ፣ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ቀሚሴ ሰፋኝ። የብሎኩ ሴቶች ምክር ፍለጋ ወደ ጎረቤቴ መጉረፍ ጀመሩ፤ «ሐኪሟ» አሏት። እኔም ባገኘሁት ሰው ፊት «ያዳነችኝ እሷ ናት» እል ነበር።

ፎቃችን ሥር ያለው ፋርማሲ በየሳምንቱ እንለካለን። ወር በወር መቶ ሃያ በሰማንያ ሆነ፤ የሷም፣ የኔም። አንድ ጠዋት ማሳው ጋ ደርሰን ልንመለስ ስንል ጎረቤቴ ቆም አለች።

«ወርዷል እኮ» አለችኝ። «ለወረደ ነገር ምን ክኒን ያስፈልገዋል? እንተወው።»

ያወረደው ክኒኑ ራሱ መሆኑን ያሰበ የለም። ጃንጥላ ይዞ ሳይረጥብ ስለቆየ ዝናቡ አባርቷል ብሎ ጃንጥላውን የሚያጥፍ ሰው ማለት ነን። እሷ አሳቡን አመጣችው እንጂ የተስገበገብኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ይግባኝ ብዬ ነጻ የወጣሁ ነው የመሰለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ሁለታችንም፣ በአንድ ቀን፣ ልንተው ተስማማን። እኔ የቀረኝን ክኒን ጠቅልዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። በዚያው ሳምንትም ለብሎኩ ሴቶች ሁሉ «ተውነው! ዳንን!» ብዬ አወራሁ።

ለልጄ ግን አልነገርኳትም። ልጄ አቃቂ ከሥራዋ አጠገብ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው፤ ማታ ማታ ትደውልልኛለች።

«እማዬ፣ ክኒንሽን ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ።»

«ማርያምን በይ!»

«አንቺ ልጅ፣ ለክኒን የእመቤቴን ስም አታስጠሪኝ!» ብዬ እቆጣታለሁ። ቁጣዬን ታምነዋለች፤ ስቃ ወደ ሌላ ወሬ ትሄዳለች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አልሆንኩ። ከዚያ መቶ አርባ ሆነ። ከዚያ መቶ ሃምሳ። ከጎኔ የተቀመጠችው ጎረቤቴ መቶ ሃያ በሰማንያ፣ እንደ ሰዓት። ፋርማሲስቱ «እናቴ፣ መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። እሷ ጫማዋን ታይ ነበር።

ወጥተን ደረጃ ስንጀምር «ምን በላሽ?» አለችኝ። «ደብቀሽ የምትበዪው ነገር አለ እንጂ እንዲህ አይሆንም።»

እኔም ተናዘዝኩላት! አንድ ክርስትና ቤት ሁለት ጉርሻ ክትፎ መብላቴን፣ እምቢ ለማለት አፍሬ እንደነበር፣ አንገቴን ደፍቼ ነገርኳት። «ሁለተኛ እንዳይለምድሽ» አለችኝ። ይቅር ስላለችኝ አመሰገንኳት። እግዚኦ! ዛሬ ትዝ ሲለኝ አንጀቴ ያርራል። ደሜ ይፈላል ልል ነበር፤ ግፊት ላለበት ሰው አይባልም እንጂ።

ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ አመንኩ። ቡና ተውኩ። በርበሬውን ራሱን ተውኩ። ጠዋት ከሷ ጋር፣ ከሰዓት ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ። ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆዴ እየቆረጠምኩ ባስ ውስጥ ሰው ፊቱን እስኪያዞርብኝ ደረስኩ። መቶ ስድሳ ሆነ። እሷ «አብሽሪ፣ ይወርዳል» ትለኛለች። በየወሩ አንድ ቀን ደግሞ «ለቅሶ አለብኝ» ብላ ከጠዋት ትወጣለች፤ ዘመዶቿ አለቁ ብዬ አዝንላት ነበር። አንድ ሁለቴም ለለቅሶ ቤት ብዬ እንጀራ ጋግሬ አሸክሜያታለሁ።

በስድስተኛው ወር ይመስለኛል፣ ማሳው ጋ ስንደርስ ራሴን ወጋኝ፤ ጆሮዬ ውስጥ ማሽን ክፍል የገባሁ ይመስል ይጮሃል። ቆምኩ።

«እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት። «አንቺ ምንም አትወስጂም?»

«ምንም።»

«እኔ ልሙት?»

«ትሙቺ!» አለችኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያየች።

እንግዲህ ይሄ በኛ ዘንድ ማኅተም ነው። «እኔ ልሙት?» ብሎ የጠየቀ «ትሙቺ» ከተባለ ወዲያ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅ ነውር ነው፣ ወዳጁን ሞቴን ትፈልጊያለሽ እንደ ማለት ነው። እኔም አልጠየቅኩም። እየተጎተትኩ ስመለስ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷ ያለ ክኒን ከቻለች እኔም እችላለሁ፣ ልጄን አስሬ አላስቀምጥም።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ነው የሄድኩት። አንድ ጠዋት ከባስ ሰልፉ ትንሽ እልፍ እንዳልን የውሃ ጠርሙሴ ከቀኝ እጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ላነሳው ስል ጣቶቼ አልሰማ አሉኝ። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። መለስኩላት፤ ግን የወጣው ድምፅ የኔ አልነበረም። የእናቴ ድምፅ ነበር፣ አልጋ ላይ ሆና ውሃ ስትለምነኝ የማውቀው። ጎረቤቴ ጮኸች። ባጃጅ አስቁማ፣ ተሸክማ አስገብታ፣ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አድርጋ «ያ አላህ፣ ያ ረቢ» እያለች ጤና ጣቢያ አደረሰችኝ። ይሄን ልክድባት አልችልም። ያን ቀን እሷ ባትኖር አሁን ይሄን የሚጽፍ እጅ አይኖርም ነበር።

አልጋ ላይ እንዳጋደሙኝ ነርሷ እየሮጠች መጣች። ያቺው «ዕድሜ ልክ» ያለችኝ ነርስ ናት። ግን መጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም፣ ጎረቤቴን ነው።

«እናቴ፣ የእርስዎ ቀጠሮ ሐሙስ አይደል እንዴ? ክኒንዎ ሳይደርስ አለቀ?»

ጎረቤቴ ወደኔ ጠቆመች። ነርሷ ፊቴን ስታይ ደነገጠች፤ ግፊቴን እየለካች «መድኃኒት ካቆመች ስንት ጊዜዋ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሰባት ወር ሆናት።»

ሆናት። ሆነን አላለችም፣ ሆናት ነው ያለችው።

ሁሉንም እሰማለሁ። ከላይ ያለውን አምፖል አያለሁ፣ የአልኮሉን ሽታ አሸታለሁ፣ እሰማለሁ፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ። ለቅሶው የቀጠሮ ቀን ነበር። እንጀራዬን ተሸክማ ክኒኗን ልታመጣ ነበር የምትሄደው። ልጮህባት ፈለግኩ፣ ልሰድባት ፈለግኩ፤ ከአፌ የወጣው ምራቅ ብቻ ነው። እሱንም በራሷ ሻርፕ ጠረገችልኝ።

በአምቡላንስ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሐኪሞቹ «ዕድለኛ ነሽ፣ ቀላል ነው» አሉኝ። ለነሱ ቀላል ነው። ቀኝ እጄ እስከ ዛሬ ቁልፍ አይቆልፍም፤ ስጽፍ ፊደሎቼ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይዋዥቃሉ። ንግግሬ ግን ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሆስፒታል ተኝቼ ጣራ ጣራውን ሳይ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝና ዘልዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝ። ለቲማቲም «ወላሂ» የምትል ሴት ያን ቀን ማሳው ጋ «ወላሂ» አላለችም! ለዝናብ፣ ለደረጃ፣ ለጎረምሳ የጠራችውን ስም ለዚህ አልጠራችውም። ፈጣሪዋን በውሸት መጥራት ፈራች። የኔን ሞት መጥራት ግን አልፈራችም። እኔ ደግሞ ጆሮ እያለኝ አልሰማሁም። ምነው ሸዋ! ሁለት ዓመት ያህል አብሬያት ስሄድ አንደበቷን ከራሴ በላይ አውቀዋለሁ እል የነበርኩት ሴትዮ!

ከሆስፒታል ስወጣ ልጄ የአቃቂ ክፍሏን ለቅቃ እኔ ጋ ገባች። አልለመንኳትም፤ ፍራሿን ተሸክማ መጣች። አሁን ያ የባስ ሰልፍ የሷ ነው፤ ሳይነጋ ትነሳለች፣ እኔን ታጥባለች፣ ታለብሰኛለች፣ ከዚያ ሮጣ ትሰለፋለች። የፈራሁት ሁሉ በራሴ እጅ ተፈጸመ። እኔ ቁጭ ብዬ የሷን ወጣትነት ስበላ አያለሁ።

አንድ እሑድ ጎረቤቴ ጨው የሌለው ሾርባ ይዛ መጣች። ልጄ በሩን ከፈተችላትና ወደ ኩሽና ገባች። ጎረቤቴ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ልትነሳ እንዳለች ሰው፣ ተቀመጠች። ዓይኗ ጠልቋል።

«ለምን?» አልኳት። ረጅም ነገር ለመናገር ገና ነበርኩ።

«አራት ቀን ተውኩት» አለች። «በአምስተኛው ቀን ስነሳ ራሴን አዞረኝ። ፈራሁ። አንድ ዋጥኩ፣ ነገም አንድ ዋጥኩ። ልነግርሽ ስወጣ አንቺ ከሴቶቹ ጋር ቆመሽ ‹ተውነው፣ ዳንን› እያልሽ ታስጨበጭቢያለሽ። አፈርኩ።»

«የኔ ሲወጣ እያየሽ?»

«ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ...» የሾርባውን ክዳን ነካካች። «ደብቀሽ ትበያለሽ ያልኩሽም ተናደሽ፣ ፈርተሽ ራስሽ ወደ ክኒኑ ትመለሻለሽ ብዬ ነበር።»

«ትሙቺ አልሽኝ እኮ» አልኳት። «እኔም ልሞትልሽ ነበር።»

ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። «አውፍ በይኝ እታለም። አውፍ በይኝ» አለች። ያ ሁሉ ጠዋት፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ጀሪካን፣ ያ ባጃጅ ፊቴ መጥቶ ተደቀነ። ይቅር ማለት ፈልጌ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን አፌን ስከፍት የወጣው «ሾርባሽን ይዘሽ ሂጂ» የሚል ነበር። ሾርባዋን ትታ ሄደች። የሷ በር ሲዘጋ ሰማሁት።

ልጄ ከኩሽና ስትወጣ አላስቻለኝም። «አየሽ?» አልኳት። «አየሽ እንዴት እንዳረደችኝ? በየቀኑ! ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች! ሰው እንዴት ለሚወደው ሰው ሰባት ወር ይዋሻል?»

ልጄ የጠዋቱን ክኒን ከነብርጭቆው አቀበለችኝ። ዋጥኩ። ብርጭቆውን ተቀብላ ግን አልሄደችም።

«‹ማርያምን በይ› ስልሽ የተቆጣሽኝ ለካ ለዚህ ነው» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ የደከመው ሰው አነጋገር ነበር። «ስሟን በውሸት ላለመጥራት።»

ነጠላዬን በግራ እጄ ወደ ትከሻዬ ሳብኩ።

«እማዬ» አለች። «አፍሽን ክፈቺ።»

የምትቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አልሳቀችም። ከፈትኩላት።

«ምላስሽን አንሺው።»

አነሳሁላት። የስልኳን መብራት አበራችና፣ በቀኝም በግራም፣ ሥሩንም አየች።